ረጅም የገጠር ሞተር ሳይክል ለአጭር አሽከርካሪ ዝቅ ማድረግ፦ ከኮምቦልቻ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ በምሠራበት የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ያከናወንነውን አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመዘግባል። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ አንዲት አጭር ባለሙያ የተመደበላትን ረጅም ሞተር ሳይክል እግሯ መሬት እንዲነካላት ዝቅ ማድረግ። ሲሠራ ግን አንድ ነገር በነካን ቁጥር ሌላ ነገር እየተነካ፣ ከሰባት ሳምንት በላይ ወሰደብን። ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎች እየበዙ በመሆናቸው፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም መጻፉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የባለሙያዋንም ሆነ የመሥሪያ ቤቷን ስም አልጠቅስም። ልኮቹ በዚያን ጊዜ በደብተር የያዝኳቸው ናቸው።

ዳራ

ባለሙያዋ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ስትሆን፣ የሥራ ቦታዋ በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት የቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች ነበር። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ግማሾቹ ወደ ሐርቡና ወደ ደጋን ቆላማ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ከአስፋልቱ ተገንጥለው በጥርጊያ መንገድ ወደ ደጋው ይወጣሉ። በበጋ አቧራና ልቅ ጠጠር፣ በክረምት የዋልካ ጭቃ ያለበት መንገድ ነው። ለዚህ ሥራ የተሰጣት ሞተር ሳይክል 125 ሲሲ፣ የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች የሆነ፣ ከሞተሩ ሆድ እስከ መሬት 26 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ የጃፓን ሥሪት ነው።

የዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ረጅም የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ድንጋይና ቦይ እንዲያልፍ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ብዙ ርቀት እንዲወጣና እንዲወርድ ደግሞ ንዝረቱን የሚቀበለው አሞርዛተር ረጅም ይደረጋል። ስለዚህ ከቁመቱ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከሌላ ቦታ የሚከፈል ዋጋ አለው። ለማንኛውም ደንበኛ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው፤ ለእርሷም ነግሬያታለሁ።

ባለሙያዋ 1.56 ሜትር ቁመት፣ 52 ኪሎ ክብደት አላት። በኋለኛው መጫኛ ላይ ክትባት የሚይዘውን የማቀዝቀዣ ሳጥን ትጭናለች፤ ሳጥኑ ከነበረዶው 9 ኪሎ ይመዝናል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት ስላለበት መንገድ ላይ ረጅም እረፍት የለም፤ መንደር ለመንደር፣ ደጅ ለደጅ እየቆሙ መነሣት ግን በቀን ብዙ ጊዜ አለ። ጉዳዩን የተለየ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ከከተማ ተነሥቶ አንድ ቦታ ደርሶ ለሚቆም ሰው ይህ ቁመት በቀን ሁለቴ ብቻ የሚያስቸግር ነገር ነበር።

ችግሩ

እኛ ጋ ስትመጣ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቃ ነበር። ሦስቱም አወዳደቅ አንድ ዓይነት ነው፦ በፍጥነት ላይ ሳለች አልወደቀችም፤ የወደቀችው ቆማ ወይም ለመቆም ስትቃረብ ነው። በመጨረሻው ጊዜ የተጫኑ አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ ልታሳልፋቸው ቆመች፤ የዘረጋችው ግራ እግር ያረፈው ጎርፍ በቆረጠው ቦይ ላይ ስለነበረ የጫማዋ ጫፍ አየር ቀዘፈ፣ ሞተር ሳይክሉም ይዟት ዞረ። ጉልበቷ ተላጠ፣ የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) እጀታ ተሰበረ፣ ሳጥኑም ተከፍቶ የቀኑ ክትባት ባከነ። ከዚያ በኋላ ሩቅ ቀበሌዎች በእግርና በባጃጅ መሄድ ጀመረች። አለቃዋም ሞተር ሳይክሉን ለሌላ ሰው ለማስረከብ፣ እርሷንም ወደ ከተማ ሥራ ለማዛወር አስቦ ነበር።

በጥገና ቤታችን ውስጥ ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ምን እንደሚያስቸግራት ሲጠይቋት የመለሰችው ቃል ሥራውን ሁሉ አቅጣጫ አስያዘው፦ «ጋሼ፣ ስሄድ ደህና ነኝ፤ ጭንቁ ስቆም ነው።» መንዳት ትችላለች ማለት ነው። ዳገትና ቁልቁለት፣ ማርሽና ፍሬን በደንብ ታውቃለች። ስለዚህ ይህ የችሎታ ችግር ነው ብሎ ማለፍ ትክክል አልነበረም፤ ብዙ ሴት ባለሙያዎች ግን በዚሁ ምክንያት «መንዳት አትችልም» እየተባሉ ሞተር ሳይክላቸውን እንደሚነጠቁ አውቃለሁ፤ በጣምም ያሳዝነኛል።

ቀድሞ የተደረገው ሙከራ

እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክሉን ደሴ ወስዶ መቀመጫውን አስቆርጦት ነበር። ቆራጩ የስፖንጁን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር አንሥቶ፣ በላዩ አዲስ ልባስ ወጥሮበታል። ቁመቱ በእርግጥ ቀንሷል። ሆኖም የቀረው ስፖንጅ የጣት ውፍረት ብቻ ስለነበረ ባለሙያዋ በተግባር የተቀመጠችው በፕላስቲኩ ላይ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ወገቧን ታማለች። መቀመጫው ወደ ፊት አጋድሎ ስለተቆረጠም ፍሬን በያዘች ቁጥር ወደ ነዳጅ ታንኩ ትንሸራተታለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህን ሁሉ ተከፍሎበት እግሯ አሁንም በወጉ መሬት አለመንካቱ ነው።

ምክንያቱ ስፋቱ ነው። ቆራጩ ቁመቱን ብቻ ስላየ የመቀመጫውን ስፋት እንደነበረ ተወው። እግር ከመቀመጫው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በመጀመሪያ ወደ ጎን ይሄድና ዳሩን ታጥፎ ይወርዳል። ሰፊ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሰው የእግሩን ርዝመት ከፊሉን በዚህ መታጠፍ ያጣል። ዝቅ ያለ ሰፊ መቀመጫና ከፍ ያለ ጠባብ መቀመጫ ለእግር እኩል ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ልኬት

ምንም ነገር ሳንፈታ መጀመሪያ ለካን። መቀመጫውን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ የሚመልስ ሌላ ስፖንጅ አስገብተን፣ ከመቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ እስከ መሬት 84.5 ሴንቲ ሜትር አገኘን። ይህ ግን ሰው ያልተቀመጠበት ልክ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ባለሙያዋን በሥራ ጫማዋ፣ ሳጥኗንም ጭነን አስቀመጥናትና ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ቀጥ አድርገው ሲይዙላት መልሰን ለካን፤ 81.5 ሆነ። ማለት በእርሷ ክብደትና በጭነቱ አሞርዛተሩ የተጫነው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአሞርዛተሩ ሞላ ከእርሷ ለሚከብድ ሰው የተሠራ በመሆኑ በበቂ አይጨመቅላትም፤ ስለዚህ ቀላል ሰው በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ ከከባድ ሰው ይልቅ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አጭር ሰው ብዙውን ጊዜ ቀላልም በመሆኑ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

የእግሯን የውስጥ ርዝመት ግድግዳ ላይ አስደግፈን ለካን፤ 71 ሴንቲ ሜትር። የጫማዋ ሶል 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ተረከዝ ተነሥቶ በእግር ጣቶች መነሻ መቆም ሌላ 6 ይሰጣል፤ የመቀመጫው ስፋት ደግሞ 4 ያህል ይበላል። ስለዚህ ሁለቱም እግሮቿ በጣቶቹ መነሻ በጽኑ እንዲያርፉ መቀመጫው እርሷ ተቀምጣበት 76 ወይም 77 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። የጎደለው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው።

አዛውንቱ መካኒክ ለዚህ አንድ ቀላል መፈተኛ አደረጉ። አንድ የጋዜጣ ቅጠል ከጫማዋ ጫፍ ሥር አስገቡና ሳቡት፤ ወረቀቱ ምንም ሳይያዝ ወጣ። በሌላውም እግር እንዲሁ። ዓላማችን ይህ ወረቀት በሁለቱም እግር ሥር ሲሳብ እስኪቀደድ ድረስ እንዲያዝ ማድረግ ሆነ። ሙሉ ሁለት እግር መሬት ላይ ይረፍ ብለን አልተነሣንም፤ ያንን ብንፈልግ ኖሮ ሞተር ሳይክሉ ለገጠር መንገድ የማይበቃ ይሆን ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ማንኛውም ለውጥ በመንግሥት ንብረት ላይ የሚደረግ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንዲፈቅድ ጠየቅን፤ የሚወጡት ኦሪጅናል ዕቃዎችም በአንድ ከረጢት ታስረው ከንብረት ክፍሉ ጋር እንዲቀመጡ ተስማማን። ከዚያም 5 ሴንቲ ሜትሩን ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከአራት ቦታ ጥቂት ጥቂት ለመውሰድ ወሰንን።

የመጀመሪያው መቀመጫው ነበር። በዚህ ጊዜ ከስፖንጁ የቀነስነው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም እርሷ በምትቀመጥበት በፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። ከነዳጅ ታንኩ አጠገብ የጭኗ ውስጥ የሚያርፍበትን ዳር ግን በሁለቱም በኩል 3 ሴንቲ ሜትር አጠበብነው። ስፖንጁን በረጅም ቢላ ከቀረጽን በኋላ በአሸዋ ወረቀት አለሰለስነው። ልባሱን ሳንወጥር ላስቲክ ብቻ ጠቅልለን ለሁለት ቀን አስነዳናት፤ በሦስተኛው ቀን የቀኙ ዳር ጭኗን እንደሚጫናት ነገረችን፤ ያንን አስተካክለን ነው ልባሱን ያለበስነው። ልባስ ከተወጠረ በኋላ ስፖንጅ ማስተካከል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሁለተኛው የኋላውን ሞላ የሚያጠብቀውን ቀለበት ማላላት ነበር። ይህ ሞላውን አያለሰልሰውም፤ ሞላው ሥራ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ 10 ሚሊ ሜትር ከኋላ አገኘን። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲንጠለጠል ሞላው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ላልቶ መጫወት የለበትም። እጃችንን አስገብተን ለማዞር ሞከርን፤ አልዞረም፤ ስለዚህ ልኩ ትክክል ነው ብለን ተውነው። አንድ ደንበኛ በዚያው ሳምንት «ለምን ሞላውን በግራይንደር አንድ ዙር አትቆርጡትም?» ብሎ ጠይቆናል። የተቆረጠ ሞላ ዙሩ ሲያንስ ይበልጥ ይደነድናል እንጂ አይለሰልስም፤ የተቆረጠውም ጫፍ በወጉ አይቀመጥም። ይህን አንሠራም።

ሦስተኛው ከኋላ አሞርዛተሩ ሥር ያሉት ሁለት አገናኝ ብረቶች ናቸው። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ እነዚህ ብረቶች ሲረዝሙ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ማለትም መቀመጫው ይወርዳል። 8 ሚሊ ሜትር ስናስረዝማቸው የኋላው 24 ሚሊ ሜትር ወረደ። ብረቶቹን መጀመሪያ ያሠራነው ከ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሆን ቀዳዳዎቹ በእጅ መሰርሰሪያ የተበሱ ነበሩ። ስናስገባቸው ሁለተኛው ቡሎን በእጅ አልገባ አለ። በካሊፐር ስንለካቸው የአንዱ ቀዳዳ ርቀት ከሌላው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይለያል። በመዶሻ መትቶ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ብረቶች እኩል ካልሆኑ ጭነቱን አንዱ ብቻ ይሸከማል፤ በቁልቁለት ላይ ይህ ብረት ቢሰበር ኋለኛው ጎማ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ጣልናቸው። ሁለተኛዎቹን ቶርኖ ቤት ከ8 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ሁለቱን ደርበው በአንድ ጊዜ እንዲበሱ አድርገን አሠራን። ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ ኦሪጅናሎቹ ናቸው፤ ኩሽኔታዎቹንም አውጥተን አጥበን ግራሶ ቀባናቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ፍተሻ ከሁሉ የበለጠ የምመክረው ነው። አሞርዛተሩን አውርደን ሞላውን በማጥበቂያ አስወጣን፤ ያለ ሞላ መልሰን ገጥመን፣ የኋላውን ጎማ በክሪክ ቀስ እያልን ወደ ላይ ገፋነው፣ የአሞርዛተሩ ላስቲክ እስኪነካ ድረስ። ጎማው ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) ጋር ሲቀራረብ የታየው ነገር የታርጋው ሁለት ቡሎኖች ናቸው፤ ጫፎቻቸው ወደ ውስጥ የጣት ጥፍር ያህል ወጥተው ከጎማው ጥርስ ጋር ተገናኝተዋል። ይህ በቆመ ሞተር ሳይክል ላይ አይታይም፤ በመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ላይ ግን ጎማውን ይቆርጥ ነበር። ቡሎኖቹን በአጫጭር ቀየርን፣ የዳዶውን ወገን ወደ ውጭ አደረግን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ።

በዚህ ደረጃ ላይ የፊቱን ሳንነካ ሞከርነው፤ ይህ አንደኛው ስህተታችን ነው። ባለሙያዋና እኔ በደሴ መንገድ ላይ ወዳለው የሐረጎ ዳገት ወጣን። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወጣና ጠመዝማዛ ስለሆነ ለመሪ ፍተሻ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአካባቢያችን የለም። ሞተር ሳይክሉ በቀኝ መታጠፊያዎች ላይ ወደ መንገዱ መሀል ይገፋል፣ መሪው ዘግይቶ ይመልሳል፣ በዳገቱም ላይ ከኋላ ሳጥኑ ስላለ የፊቱ ጎማ ይቀልላል። ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ባለበት መታጠፊያ ላይ ይህ አስፈሪ ነው። የኋላው 34 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የፊቱ ስላልወረደ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ባለው 134 ሴንቲ ሜትር ላይ ሞተር ሳይክሉ ከ1 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ተጋድሟል፤ መሪውም በዚያው መጠን ተኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሌሊት ቢሆን ኖሮ የፊት መብራቱ ዛፍ ላይ እንደሚያበራ ደግሞ ስንመለስ በግድግዳ ላይ አየነው።

ስለዚህ አራተኛው እርምጃ የፊት አሞርዛተር ዘንጎችን በማቀፊያዎቻቸው ውስጥ ወደ ላይ ማንሣት ሆነ። ከሞተሩ ሥር እንጨት አድርገን የፊቱ ጎማ መሬት እየነካ ክብደት እንዳይሸከም አደረግን፤ ማቀፊያዎቹን አላልተን ሁለቱንም ዘንጎች 18 ሚሊ ሜትር አነሣን፣ በካሊፐርም እኩል መሆናቸውን አረጋገጥን። ከዚያ በላይ ለማንሣት አይቻልም ነበር፤ በ20 ሚሊ ሜትር ላይ ዘንጎቹ የመሪውን ብረት ይነካሉ። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረን የፍሬኑ ቱቦና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ አለመወጠራቸውን አየን። ተመልሰን ሐረጎ ስንወጣ መሪው ከቀድሞው ትንሽ የተረጋጋ፣ ግን ታዛዥ ነበር።

ከፊትና ከኋላ የተወሰደው ሁሉ መቀመጫው ላይ እንዳለ አይደርስም። መቀመጫው ለኋላው ጎማ ስለሚቀርብ ከኋላው ዝቅታ 70 በመቶ ያህሉን፣ ከፊተኛው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ያገኛል። በዚህ ስሌት ከኋላ 24፣ ከፊት 5፣ ከስፖንጁ 20፣ በድምሩ 49 ሚሊ ሜትር ወጣ። ባለሙያዋን ከነሳጥኗ አስቀምጠን ስንለካ 76.6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አዛውንቱ የጋዜጣ ቅጠላቸውን አምጥተው በሁለቱም ጫማ ሥር አስገብተው ሳቡት፤ ተቀደደ።

የጎን ማቆሚያው

ሁለተኛው ስህተታችን ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ከመንገድ ላይ ታርሟል፣ ይህ ግን ጉዳት አድርሷል። ሞተር ሳይክሉን አስረክበን ስንሸኛት የጎን ማቆሚያውን አላሳጠርንም። ሞተር ሳይክሉ ሲወርድ ማቆሚያው ባለበት ርዝመት ስለሚቀር፣ ወደ ግራ አጋድሎ ማረፍ የሚገባው ቀጥ ብሎ ቆመ ማለት ነው። በጥገና ቤታችን ወለል ላይ ቆሞ ስላየነው በቂ መሰለን። በማግሥቱ ጠዋት በመሥሪያ ቤቷ ግቢ ውስጥ ሳጥኑን ስትጭን ወደ ቀኝ ወደቀ። የፊት ፍሬኑ እጀታና አንዱ መስታወት ተሰበሩ። በዚያ በኩል ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። የተሰበረውን በእኛ ወጪ ተካን።

ማቆሚያውን ከሞተር ሳይክሉ ፈትተን በብረት መጋዝ በመጀመሪያ 15 ሚሊ ሜትር፣ ቆሞ ከታየ በኋላም ሌላ 8 ቆረጥንና የእግሩን ብረት መልሰን በየድነው። ፈትቶ መበየድ የግድ ነው፤ በሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ በኤሌክትሪክ ቢበየድ ባትሪውንና ሽቦዎቹን ሊያቃጥል ይችላል። እግሩንም በላሜራ አሰፋነው፤ ለዋልካ ጭቃ በጣም ጠቅሟል።

የካቴናው (የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት) ጉዳይም እዚህ ይነሣል። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ ያረፈበት ማዕዘን ስለተለወጠ የቀድሞው የካቴና ልቀት (የመላላቱ መጠን) አይሠራም። እርሷን አስቀምጠን፣ የኋላው ጎማ እምብርት፣ የክንዱ ማጠፊያና የፊተኛው ጥርስ በአንድ መስመር በሚሆኑበት፣ ካቴናው ይበልጥ በሚወጠርበት ቦታ ላይ ጥቂት ልቀት መኖሩን አረጋግጠን አስተካከልነው።

ልምምድ

ከዕቃ ሥራው እኩል የጠቀማት የአቋቋም ልምምዱ ነው ብዬ አስባለሁ። አዛውንቱ መካኒክ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ገላጣ ሜዳ ላይ አብረዋት ዋሉ። የሰጧት ዋና ምክር «ልጄ፣ ሁለቱን እግርሽን ለመትከል አትድከሚ፤ ግራውን አምነሽ ትከዪ፣ ቀኙ ፍሬን ይያዝ» የሚል ነበር። ይህ ምክር ለእኛ መንገድ የተለየ ምክንያት አለው። የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መንገድ ደግሞ ውኃ እንዲፈስ ከመሀሉ ወደ ዳሮቹ ስለሚያጋድል፣ በቀኝ ዳር የቆመ ሰው ከግራው በኩል ያለው መሬት ከፍ ይልለታል። በጠጠር መንገድ ላይ ይህ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። በቀኝ እግር የሚቆም አጭር ሰው ይህንን ያህል በነፃ ያጣል።

ከመቆሟ 10 ሜትር ቀደም ብላ ዓይኗን ወደ መቆሚያው መሬት እንድትጥልም አስተማሯት፤ ቦይ ወይም ልቅ ድንጋይ ካለ ሁለት ሜትር አልፋ ትቆማለች። ዳገት ላይ ሲነሡ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ይዞ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ የሚቻለው ግራ እግር ብቻውን ሚዛኑን ሲጠብቅ ነው። ሞተር ሳይክሉ ላይ ለመቀመጥ ሲወጡም እግርን ከሳጥኑ በላይ ማሳለፍ ስለማይቻል፣ ሞተር ሳይክሉ በማቆሚያው ላይ እንዳለ ጉልበትን አጥፎ በታንኩና በሳጥኑ መካከል ማሳለፍ ተለማመደች። የግራውን መርገጫ ረግጦ እንደ ፈረስ መውጣትን ከለከልናት፤ የተበየደ ማቆሚያ ሙሉ የሰው ክብደት ሊጨመርበት አይገባም።

ውጤት

ከጥር እስከ ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በየወሩ ሞተር ሳይክሉን አይተናል። ባለሙያዋ ወደ ቀድሞዎቹ ቀበሌዎች ሁሉ ተመለሰች። በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ በሐምሌ፣ በጭቃ ላይ፣ በዝግታ እየሄደች ጎማው ተንሸራቶ። ቆማ ሳለች ግን አንድም ጊዜ አልወደቀችም። የማዛወሩም ሐሳብ ቀርቷል።

የተከፈለው ዋጋ ግን ነበር። የሞተሩ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በመቀነሱ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ድንጋይ መታው፤ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከሥሩ ካሰርንበት በኋላ ጭረት እንጂ ጉዳት አልታየም። ሞላውም በጣም ስለላላ በትልልቅ ቦዮች ላይ ከነሳጥኑ መጨረሻውን ይነካ ስለነበር ከ10 ሚሊ ሜትሩ 3ቱን መለስን፤ ቁመቱ ወደ 76.8 ከፍ አለ፤ ወረቀቱ አሁንም ይያዛል። በሦስተኛው ወር አገናኝ ብረቶቹን ፈትተን ስናይ ቀዳዳዎቹ አልሰፉም፤ አንዱ ቡሎን ግን አንጸባራቂ የመፋተግ ምልክት ስላሳየ ቀየርነው። መፍትሔ ሳናገኝለት የቀረው ከኋላ ሰው የመጫን ጉዳይ ነው፤ ሁለት ሰውና ሳጥን ሲጫንበት ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር በጣም ይቀራረባል። ከኋላ ሰው እንዳይጫን በወረቀት ጽፈን ሰጥተናል።

ለሌላ ጥገና ቤት የሚተርፈው

ከዚህ በኋላ አራት ሞተር ሳይክሎች በዚህ መንገድ ዝቅ አድርገናል፤ አሁን የምንሠራበት ቅደም ተከተል ከዚህ ጉዳይ የወጣ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ከነጫማቸውና ከነጭነታቸው አስቀምጠን እንለካለን፤ በመጽሐፍ የተጻፈው የመቀመጫ ቁመት ለእኛ መነሻ አይሆንም። ከእነዚህ ደንበኞች አንዱ የመቀመጫው ዳር ሲጠብና ሞላው ሲላላ ብቻ በቅቶት ወደ ብረቱ ሥራ ሳንገባ ሸኝተነዋል። ሲመለስ የማይጎዳውን ሥራ አስቀድሞ፣ መቁረጥና መበየድን መጨረሻ ላይ ማድረግ ያዋጣል።

የኋላው ሲወርድ የፊቱም በዚያው ቀን መውረድ አለበት፤ «ነገ እናየዋለን» ተብሎ ለደንበኛ መሰጠት የለበትም። የጎን ማቆሚያው፣ የካቴናው ልቀትና የፊት መብራቱ አቅጣጫ የዚሁ ሥራ ክፍል ናቸው፤ እኛ አሁን እነዚህ ሦስቱ ሳይጠናቀቁ ቁልፍ አናስረክብም። ያለ ሞላ የሚደረገው የጎማ ፍተሻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ደንበኛ ሊቸኩል ይችላል፤ ቢሆንም አንተወውም። ቀለበቱን በማላላት ብቻ ቁመት የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ጭነቱን መጠየቅ ይገባል፤ ባዶውን የተመቸ ሞላ ከነጭነቱ መጨረሻውን ሊመታ ይችላል።

መሥሪያ ቤቶችን በሚመለከት፣ ሞተር ሳይክል ሲታደል የሚነዳው ሰው ቁመት ቢጠየቅ ከዚህ ሥራ አብዛኛው አያስፈልግም ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለሙያዋ ለትምህርት ስትሄድ ሞተር ሳይክሉ 1.80 ሜትር ቁመት ላለው የሥራ ባልደረባዋ ተሰጠ። ከረጢቱ ከንብረት ክፍሉ መጣ፤ ኦሪጅናሎቹ አገናኝ ብረቶች፣ መቀመጫውና ያልተቆረጠ ሌላ የጎን ማቆሚያ ተገጠሙ፤ ዘንጎቹም ወደ ቦታቸው ወረዱ። ሥራው ግማሽ ቀን ወሰደ። የእርሷ ብረቶች፣ መቀመጫና ማቆሚያ በዚያው ከረጢት ውስጥ፣ ልኮቹ በተጻፉበት ወረቀት ተጠቅልለው ገብተዋል።